ፋይበር ለትንሽ ስቱዲዮ ያዋጣል ወይስ በዳታ እንገፋለን?

የካሜራዋ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው፣ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

እኔና ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለችን። ሠርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምረቃ እንቀርጻለን። በጎን የጥሪ ካርድ እናትማለን። ከኛ ጋር አምስት ሰው ነን፣ ስለዚህ ድርጅት ምናምን አትበሉን፣ ሱቅ ነን።

ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ውጭ አገር ዘመድ አላቸው። ሠርጉ እዚህ ነው፣ የሙሽራዋ ታላቅ እህት ሜሪላንድ ነች፣ የሙሽራው ወንድም ዱባይ። ወረቀት አላለቀም፣ ሥራ አልፈቀደም ብለው የቀሩ ሰዎች ናቸውና ቪዲዮውን ከሙሽሮቹ በላይ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ድሮ በፍላሽ ገልብጠን ለሚሄድ ሰው እንሰጥ ነበር። አሁን ገና መልሱ ሳያልቅ "ሊንኩስ?" ነው።

አንድ ሠርግ ተቀናብሮ ሲያልቅ ከነፎቶው 30 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። ቤታችን ያለው በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ነው። ለማየት ደህና ነው፣ ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ ያሳያል። አፕሎድ ላይ ግን ሞት ነው። ወንድሜ ፋይል ለመላክ ስቱዲዮ ያድራል። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄደና ሦስት አራተኛው ያለቀለት ፋይል እንደገና ከዜሮ ጀመረ፣ ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በስልክ ዳታ እንላክ ስንል ደግሞ ጥቅሉ በሁለት ቀን ጭጭ።

ሕንፃችን ላይ ፋይበር ገብቷል ሲባል ሰማሁ። ወንድሜ "ስሙ ነው የተቀየረው፣ ኢንተርኔቱ ያው ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ልቤ ሸፍቷል። የምር ለኛ ዓይነት ቤት ለውጥ አለው? ወይስ ለባንክና ለሆቴል የሚሆን ነገር ነው?

ገመድ ጎታች

እህቴ፣ ሥራዬ ሕንፃ ውስጥ ገመድ መዘርጋት ነው። ኢንተርኔት አልሸጥም፣ ስለዚህ ኮሚሽን ፈልጎ ነው እንዳትዪኝ።

ወንድምሽ ግማሽ እውነት አለው። ከሰፈራችሁ ወጥቶ የሚሄደው ዋናው መስመር ድሮም ፋይበር ነው፣ ብርሃን የሚሄድበት የመስታወት ክር ማለት ነው። አገራችን ባሕር ስለማይነካት መስመሩ በጎረቤት አገር፣ በጅቡቲ ምናምን በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥሩ ኬብል ጋር የሚገናኘው። ያ ሁሉ በብርሃን ነው የሚሄደው። ችግሩ የመጨረሻዋ ቁራጭ ላይ ነው። ከቴሌው ማዕከል ተነስታ እናንተ ጠረጴዛ ላይ የምትደርሰው የመዳብ ሽቦ "ሃሎ" እንዲባልባት የተዘረጋች ናት። እኛ ነን በኋላ ኢንተርኔት ያሸከምናት።

ስሙ ራሱ ይናገራል። በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ኤዲኤስኤል ይባላል፣ እዚያ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ኤ "እኩል ያልሆነ" ለማለት የገባች ናት። መውረጃው (ዳውንሎዱ) ሰፊ፣ መውጫው (አፕሎዱ) ጠባብ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው፣ ምክንያቱም ያኔ ሰው ከኢንተርኔት ይወስዳል እንጂ ይሰጣል ተብሎ አልተጠበቀም። የተሻሻለው ዓይነት እንኳ ማዕከሉ አጠገብ ሆነሽ፣ ሽቦው አዲስ ሆኖ፣ መውረጃው በሰከንድ 24 ሜጋቢት ድረስ ሲሆን መውጫው 1 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ሽቦው ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ከረዘመ እሱም ይወርዳል። ክረምት ላይ መጋጠሚያው ውሃ ከገባው አለቀልሽ።

እስቲ ያንቺን ሠርግ እናስላው። ታሪፍ ላይ የሚጻፈው ቢት ነው፣ ፋይልሽ የሚለካው በባይት ነው፣ በስምንት ታባዢዋለሽ (እዚህ ላይ የማይሸወድ ሰው አላየሁም)። 30 ጊጋባይት ማለት 240 ሺህ ሜጋቢት ነው። በ1 ሜጋቢት መውጫ 240 ሺህ ሰከንድ ይፈጃል፣ ከ66 ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ሦስት ቀን ሊሆን ምንም አይቀረው። በ10 ሜጋቢት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በ20 ሜጋቢት 3 ሰዓት ከ20። ወንድምሽ "ያው ነው" የሚለው ዩቲዩብ ሲያይ ነው። እዚያ ላይ እውነቱን ነው፣ ያው ነው።

ፋይበሩ ራሱ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መስታወት ነው። ኤሌክትሪክ አይሄድበትም። መብረቅ በሱ ተጉዞ ሞደምሽን አያቃጥልም፣ ጎን ያለው የሊፍት ሞተር አይረብሸውም፣ ሌባም ቆርጦ አቅልጦ የሚሸጠው መዳብ የለውም። እኛ ጋር በብዛት የሚዘረጋው ዓይነት ከማዕከሉ በአንድ ክር 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል፣ 1.25 ጊጋቢት ያወጣል፣ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሄዳል። ያ ግን ላንቺ ብቻ አይደለም። ስፕሊተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ክሩን ለ32 ወይም ለ64 ደንበኛ ይከፍለዋል፣ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ትካፈያለሽ፣ ላንቺ የሚደርስሽ የከፈልሽበት ጥቅል ነው።

ስለዚህ ቅርንጫፍ ስትሄጂ "ስንት ሜጋ ነው?" ብለሽ ብቻ አትመለሺ። "መውጫውስ ስንት ነው?" በያቸው። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ ካላወቀች የሚያውቅ ሰው ትጥራልሽ። ላንቺ ሥራ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ማኪያቶ በስሱ

እኔ ልቃወም።

ትንሽ ካፌ አለችኝ። ሰው ሁሉ ፋይበር ሲል እኔም ለደንበኛ ዋይፋይ ይሁን ብዬ ከፍ ያለውን ጥቅል አስገባሁ። ምን አተረፍኩ? በአንድ ማኪያቶ አምስት ሰዓት የሚቀመጥ ባለላፕቶፕ 😂 ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ጠፍቶ የሚበላ ሰው ቆሞ ይመለሳል። ሒሳብ የምቀበለው በቴሌብርና በባንክ አፕ ነው፣ ለሱ የስልኬ ዳታ ከበቂ በላይ ነው። በመጨረሻ ዝቅተኛውን ጥቅል ይዤ ዋይፋዩን ለሠራተኛ ብቻ አደረግኩት፣ ግድግዳ ላይ የነበረውን ፓስወርድ ቀድጄ ጣልኩት።

ስለዚህ እህቴ፣ ፋይበር ስለተባለ ብቻ አትሩጪ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጉዳይ አለው።

ገመድ ጎታች

ልክ ብለሃል ወንድሜ፣ አንተ የምትሸጠው ማኪያቶ ነው፣ በኢንተርኔት አይላክም። እሷ የምትሸጠው ፋይል ነው። ለእሷ መስመሩ ማለት ላንተ የቡና ማሽኑ ነው።

ጡረታ የወጣ ሒሳብ ያዥ

ልጄ፣ ስለ ገመዱ ሙያተኛው በደንብ ነግሮሻል። እኔ ብዙ ዘመን የሰው መዝገብ ስይዝ ስለኖርኩ በዚያ በኩል ልምጣ።

ወረቀት አውጪ። ወንድምሽ በወር ስንት ሌሊት ያድራል? ባደረ ማግስት ስንት ሰዓት ተኝቶ ይውላል? በዚያ ቀን ያመለጠ ቀረጻ አለ? ለስልክ ዳታ በወር ምን ያህል ይወጣል? ሰው ይህን አይጽፈውም። ወጪ የሚመስለን ደረሰኝ ያለው ብቻ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ያለው ደንበኛዬ መስመሩ ውድ ነው እያለ ሁለት ዓመት አመነታ፣ ቁጭ ብለን ስንደምረው ግን በየቀኑ ፋይል በፍላሽ የሚያመላልሰው ልጅ የታክሲ ሒሳብ ብቻውን ወርሃዊ ክፍያውን ሊደርስበት ጥቂት ነበር የቀረው። የልጁን ደመወዝ አልቆጠርንም።

ሁለተኛ ነገር፣ ውሉ በግልሽ ስም አይሁን። በንግድ ፈቃዱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይሁን። ደረሰኙ በሥርዓት ከመጣ ወጪ ብለሽ ትይዢዋለሽ። በየቀኑ ከስልክሽ ላይ የምትሞዪውን ጥቅል ግን ለኦዲተር እንዴት አድርገሽ ታስረጂዋለሽ? የነገሩሽ ዋጋ ቫት የተጨመረበት መሆን አለመሆኑንም ጠይቂ፣ 15 በመቶ ቀላል አይደለም።

ሌላው፣ ግብር ማሳወቅ ወደ ኦንላይን እየሄደ ነው። ቀነ ገደቡ ሲደርስ አገር ይጣደፋል። በዚያ ሰዓት ዳታ ፍለጋ ስልክ ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ መቆም የሰውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ለመወሰን ካሰብሽ ደግሞ ጾሙ ሳይፈታ ቶሎ በይ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲጎርፍ ጊዜ አታገኚም።

ሐይቅ ዳር

እኔ ሐዋሳ 14 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ፋይበር ካስገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ ወደ ድሮው ተመለሽ ብትሉኝ አልመለስም። ግን ማር ብቻ አድርጋችሁ አትንገሯት።

አንደኛ፣ ይቆረጣል። መስታወት ነዋ! አንድ ጊዜ በራችን ላይ መንገድ ሲቆፈር ኤክስካቫተሩ ገመዱን ይዞት ወጣ። አራት ቀን! እንግዳ ሞልቶ። ቴክኒሻኖቹ ሲመጡ ክሩን በማሽን አገናኝተው በአንድ ሰዓት ጨረሱት፣ አራት ቀን የፈጀው እነሱን ማምጣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲም የሚገባበት ትንሽ ራውተር ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ከገባ በኋላ የሁለቱንም ድርጅት ሲም መያዝ ይቻላል፣ አንዱ ሲደክም በሌላው። ዋናው መስመር ያላችሁ ሰዎች ዳታውን ጨርሳችሁ አትጣሉት።

ሁለተኛ፣ ካስገባሁ በኋላ አንድ ወር ሙሉ እንግዳ "ዋይፋዩ አይሠራም" ይለኝ ነበር። አቅራቢውን ስሰድብ ከረምኩ። ለካ ፋይበሩ እንግዳ መቀበያው ድረስ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ወፍራም የብሎኬት ግድግዳ ነው። ፎቅ ላይ ሁለት ዋይፋይ ማሠራጫ በገመድ ሳስተክል ሁሉም ዝም አለ። ፋይበሩ በራፍሽ ላይ ነው የሚያቆመው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ያንቺ ዕዳ ነው።

እኔ ባላሰብኩት በኩል የጠቀመኝ ደግሞ ካሜራው ነው። ስምንት የጥበቃ ካሜራ አለኝ። አዲስ አበባ ስሄድ በስልኬ አያለሁ። አንዱ ካሜራ እስከ 2 ሜጋቢት ያወጣል፣ ስምንቱን አንድ ላይ ልክፈት ካልኩ 16 ይደርሳል። በድሮው ሽቦ አንዱን ለመክፈት እንኳ እጸልይ ነበር። ስቱዲዮሽ ውስጥ ያለው ካሜራና ሌንስ ውድ ዕቃ ስለሆነ ይህንንም አስቢበት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እኔ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከአሜሪካ ነኝ። ከሚጠብቁት ወገን።

የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ጥር ላይ ነበር። አሁን የካቲት ሊያልቅ ነው። እስካሁን ያየሁት በቴሌግራም የመጣ የአንድ ደቂቃ ተኩል ቁራጭ ነው፣ እሱም ፊታቸው አይለይም፣ ኬኩ ብቻ ነው የሚታየው። ስቱዲዮውን ስደውል "እየጫነ ነው ወንድሜ፣ እየጫነ ነው"። እናቴ እዚህ ከኔ ጋር ናት፣ ልጇ ሲዳር አላየችም፣ በየቀኑ "ዛሬስ መጣ?" ትለኛለች።

ስለ ቴክኒኩ አላውቅም። ግን ቶሎ ለሚልክልኝ ስቱዲዮ ጨምሬ እከፍል ነበር፣ የምር።

የካሜራዋ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የነገሩኝን ወረቀት ላይ አወጣሁት። ወንድሜ ባለፈው ወር ሰባት ሌሊት አድሯል። ለዳታ ብቻ አራት ሺህ ብር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከደመርኩት በኋላ ለራሴም አፈርኩ።

ለሲልቨር ስፕሪንጉ፣ ማሚን አይዞሽ በልልን 💔 "በሁለት ቀን ለሚደርስ" ብለን ለብቻው ዋጋ ማውጣት ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር፣ አሁን አንተ አስታወስከን።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። መብራት ሲሄድ ፋይበርም አብሮ ነው የሚሄደው? እና ተከራይ ነን፣ አከራያችን ግድግዳ ሲበሳ ይታመማል።

ገመድ ጎታች

ከመብራቱ ልጀምር። ከማዕከሉ እስከ እናንተ ባለው መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለም፣ ያ ስፕሊተር ያልኩሽም እንዲሁ ብርሃን ከፋይ ነው። ማዕከሉ ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ መብራት የሚፈልገው እናንተ ቤት የሚቀመጠው ሳጥን ብቻ ነው፣ ኦኤንቲ ይሉታል። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ የሚበሉት ከአምፖል አይበልጥም። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ የመዳፍ ያህል ባትሪ አለ፣ እሱን በመሃል ስታደርጊበት የተወሰነ ሰዓት ያቆየዋል። ስትገዢ የሳጥኑን ቮልትና አምፔር አይተሽ ግዢ። ኮምፒውተሩን ግን እሱ አይችለውም፣ ለመላኪያ ላፕቶፕ ተጠቀሙ፣ ባትሪ አለው።

ከዜሮ መጀመሩ ደግሞ የመስመሩ ጥፋት ብቻ አይደለም። በብራውዘር እየከፈታችሁ ነው የምትልኩት ብዬ ልገምት? የጉግል ድራይቭን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጫኑና ፋይሉን እሱ ውስጥ አስቀምጡት። መስመሩ ቢቋረጥ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ዛሬ ማታ በአሮጌው መስመርም ማድረግ ትችያለሽ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ነጻ ነው።

ስለ አከራዩ፣ ቀዳዳው የእስክሪብቶ ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በድሮው የስልክ ሽቦ መግቢያ አብሮ ያልፋል፣ ባይሆን በበሩ ጠርዝ ይሄዳል። ከሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ፈቃድ ያዢ፣ ጫኞቹ መጥተው ጥበቃው "አላውቅም" ብሎ ሲመልሳቸው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቤት ስትቀይሩ መስመሩ ይዛወራል ወይ፣ ስንት ይከፈላል የሚለውንም ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ፎቅ ላይ ካለው ጎረቤት ጋር በአንድ ውል እንካፈል የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ውሉን አንብቡት።

ቢጫውን ወይም ነጩን ቀጭን ገመድ እንደ ቻርጀር አትጠቅልሉት፣ አታጣጥፉት፣ ውስጡ መስታወት ነው። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ካለ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፣ ያኔ ራውተሩን አሥር ጊዜ ብታጠፉት ብታበሩት ዋጋ የለውም፣ ለጥገና ደውሉ። የተነቀለ ጫፍ ካለ ዓይናችሁን አስጠግታችሁ አትዩት። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፣ ግን አለ።

የቅንብር ኮምፒውተሩን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አገናኙት። መቶ ሜትር ድረስ ተራው የኔትወርክ ገመድ አንድ ጊጋቢት ይሸከማል፣ ከማንኛውም ውድ ራውተር ይሻላችኋል።

የካሜራዋ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ገባልን! ሁለት ጊዜ ቀጥረውን ቀርተው፣ በሦስተኛው ሁለት ልጆች መጥተው ከሰዓት በኋላ ላይ ጨረሱት። የተበሳ ነገር የለም፣ በድሮው ሽቦ ቀዳዳ ነው ያለፈው። መካከለኛውን ጥቅል ነው የወሰድነው፣ መውጫው ስንለካው 10 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ትናንት ከጥር የተረፈ አንድ ሠርግ፣ 28 ጊጋ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አስጀምረን በሩን ቆልፈን ሄድን። ጠዋት ስናየው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ አልቋል። ወንድሜ ቤቱ ነበር ያደረው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ማሳያ ክፍሉ አካባቢ ዋይፋዩ ደካማ ነው። ራውተሩን ለውበት ብለን መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያስገባነው።

ገመድ ጎታች

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከቁም ሳጥኑ አውጡት እባካችሁ 😄

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ 28 ጊጋው የማን ሠርግ ነው? ጥር 18 ከሆነ የኔ ነው።

የካሜራዋ ልጅ

ውይ 😂 ጥር 25 ነው፣ ያንተ አይደለም። የኛ የጥር ሥራ ሁሉ ተልኮ አልቋል። ነገ ለስቱዲዮው ስትደውል "ፋይሉ የት ደረሰ?" አትበለው፣ "መውጫህ ስንት ሜጋቢት ነው?" በለው። ዝም ካለህ ይህን ገጽ ላክለት።